እርግጫ የማን ሥራ ነው?

አንድ ጊዜ፣ የዱርም የቤትም እንስሳት በአንድ ቆላ ተቀላቅለው በሚኖሩበት ዘመን፣ «ልጅ ሁሉ ትምህርት ቤት ይግባ» የሚል አዋጅ ወጣ። አዋጁ መልካም ነበር። በአዋጁ ላይ ክፉ የሚናገር አልነበረም፤ እኔም አልናገርም። እኔን ያቃጠለኝ ከአዋጁ በኋላ የመጣው ጣጣ ነው።

ትምህርት ቤቱ ከወንዙ ማዶ፣ ከአንድ ትልቅ ሾላ ሥር ተከፈተ። ርእሰ መምህር ሆኖ የተሾመው ገመሬው ዝንጀሮ ነበር። ገመሬ ጎፈሬው የሚያስፈራ፣ ድምፁ ገደል የሚያስተጋባ፣ ያወቀውን የማይሰስት መምህር ነው፤ በዚህስ አላማውም። ጥጃው፣ ግልገሉ፣ የሚዳቋዋ ልጅ፣ ሁሉም ፊቱ ተኮልኩለው የሣሩን ዓይነት በየስሙ፣ የከዋክብቱን መውጫና መግቢያ፣ የአራዊቱን ጠባይ በቃል ይማራሉ። ከሁሉም ጎበዙ የእመት አህዪት ልጅ ነበር። ግንባሩ ላይ ነጭ ስላለበት ቦራ ይሉታል። ይህ ውርንጭላ ጥያቄ ሲመጣበት ጆሮው ቀጥ ይላል፤ መልሱን ሳያገኝ አይተኛም።

እመት አህዪት ደግሞ ከንጋት ጀምራ ጭነት ላይ ናት። ጠዋት እህል፣ ከሰዓት እንጨት፣ ወደ ማታ ውሃ። ቤት ስትገባ ልጇን አሽትታ «ዛሬ ምን ተማርክ?» ትለዋለች፤ እሱ መልሱን ሳይጨርስ እሷን እንቅልፍ ይወስዳታል። የቦራ አባትስ እንዳትሉኝ። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ተብሎ ተተርቷል፤ እኔ የምጨምርበት የለኝም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ቦራ ከትምህርት ቤት ሲመለስ፣ ከወንዙ መሻገሪያ ላይ አያ ጅቦ ቆሞ ጠበቀው።

እስቲ ልብ በሉ። አህያ ቀንድ የለው፣ ክራንቻ የለው። ፈጣሪ የሰጠው አንድ ነገር እርግጫ ነው። ጅብ ሲመጣ ኋላውን ያዞራል፣ አንገቱን ዝቅ ያደርጋል፣ ከዚያ አንዴ ማቅመስ ነው። ይህን የማያውቅ አህያ አህያ ሳይሆን ምሳ ነው። ቦራ ግን ማንም አልነገረውም። ስለዚህ የሚያውቀውን አደረገ። ቀጥ ብሎ ቆመ፣ ጆሮውን አስተካከለ፣ መልስ መስጠት ጀመረ።

«ጅብ!» አለ ጮክ ብሎ። «ጅብ አጥንት ሰባሪ አውሬ ነው። የፊት እግሮቹ ከኋላ እግሮቹ ይረዝማሉ። ቀን ተኝቶ ማታ ይወጣል።»

«እኔ እኮ ቀንም እወጣለሁ» አለ አያ ጅቦ።

«እሱን ገና አልተማርነውም» አለ ቦራ።

አያ ጅቦ በሕይወቱ እንዲህ በክብር ስሙ ተጠርቶ አያውቅም። ልቡ ቅቤ ጠጣ። «ቀጥል እንጂ ልጄ፣ ቀጥል» እያለ ጠጋ፣ ጠጋ አለ። ቦራም ቀጠለ። ስለ ጩኸቱ ተናገረ፣ ስለ ጉድጓዱ ተናገረ። «ምግቡም» ሲል ድምፁ ቀነሰ፤ የሚቀጥለውን ቃል ያውቀው ነበርና። በዚህ መሃል ጅቡ ዘሎበት፣ ልጁ ለመሸሽ ዞር ሲል ጭራውን ያዘ። ደግነቱ ከብቶች ውሃ ሊጠጡ እየተግተለተሉ ወደ ወንዙ ወረዱ። ጅቡ ደንግጦ ሲሸሽ የቦራ ጭራ በአፉ ቀረ።

እመት አህዪት ልጇን ባየች ጊዜ ዓይኗ ደም ለበሰ። ጭነቷን እንኳ ሳታራግፍ፣ እንጨቱን እንደተሸከመች ወንዙን ተሻግራ ትምህርት ቤቱ ደረሰች። ቦራ ከኋላዋ ተከተላት።

«መምህር! የልጄን ጭራ ጅብ ቆርጦ ወሰደው! ምን ስታስተምሩት ነው የከረማችሁት?»

«እመት አህዪት፣ ይረጋጉ» አለ ገመሬ። «ነገሩን ሰምቻለሁ። ልጅዎ ስለ ጅብ የመለሰው ሁሉ ትክክል ነው። አንዲት አልሳተም።»

«ጭራውስ?»

«ጭራ ፈተና ላይ አይመጣም።»

«እርግጫ ለምን አላስተማራችሁትም? እርግጫ!»

«እርግጫ የቤት ነው!» ገመሬ ጎፈሬው ቆመ። «እኔ እዚህ ስንቱን ነው የማየው? ጥጃው መውጋት ይፈልጋል፣ የሚዳቋዋ ልጅ መዝለል ትፈልጋለች፣ የእርስዎ ልጅ መራገጥ። ሁሉም እኔ ጫንቃ ላይ! ደግሞስ እግሬን ይመልከቱት እስቲ። ሰኮና አለው? ዝንጀሮ እርግጫ አስተማረ ሲባል አገር አይስቅም?»

«እኔስ መቼ ላስተምረው? ጀርባዬን አያዩትም? እኔን እናቴ ስታስተምረኝ ቀኑን ሙሉ ከጎኗ ነበርኩ። እሷ ስትራገጥ እያየሁ ነው የተራገጥኩት። የኔን ልጅ ቀኑን ሙሉ የያዛችሁት እናንተ ናችሁ። የያዘ ያስተምር!»

«የወለደ ያስተምር!»

«የያዘ!»

«የወለደ!»

እውነቱን እንናገር ከተባለ ሁለቱም እውነት አላቸው። የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው። አንዱ ቢያጠፋ ኖሮ እሱን ሰድበን ዕረፍት እናገኝ ነበር። ሁለት እውነት ፊት ለፊት ተፋጥጠው ቆመዋል፣ ልጁ ግን መሃላቸው ቁስሉን ዝንብ ወሮታል፤ ዝንቡን የሚያባርርበት ጭራ የለውም። ዘወር ብሎ ያየው አልነበረም።

ጩኸቱን ሰምታ ከቁጥቋጦው ብቅ ያለችው እመት ቀበሮ ናት። ቀበሮ አገር ሰላም ሲሆን አትታይም፤ ጠብ ሲኖር ግን ሳትጠራ ትደርሳለች። ኑሮዋ የሚታወቅ ነው፤ ጅብ በልቶ የተረፈውን ትለቃቅማለች። ይህን ሁሉም ያውቃል፣ ሁሉም ረስቶታል።

«ወገኖቼ» አለች ለስለስ ብላ፣ «እንዲህ ያለ ከባድ ጉዳይ በመጯጯህ አይፈታም። ስብሰባ ይጠራ።»

ስብሰባ! የዚህ አገር እንስሳት ስብሰባ ሲባል ሕመማቸው ሁሉ ይቀልላቸዋል። በማግስቱ ከሾላው ሥር ላምም መጣች፣ ፍየልም መጣች፣ ሚዳቋም መጣች። የቦራ አባት ሳይቀር መጥቶ ከዳር ሣር ይግጥ ነበር። ሰብሳቢ ማን ይሁን ሲባል «ሐሳቡን ያመጣችው እመት ቀበሮ አይደለችም?» ተባለና ቀበሮ ወንበሩን ያዘች።

ላሟ ተነሥታ «ጉዳዩ ይጠና» አለች። ፍየሏ «ከመጠናቱ በፊት ማን ያጥናው የሚለው ይጠና» አለች። ገመሬ «የወለደ» አለ፤ እመት አህዪት «የያዘ» አለች። ፀሐይ አናት ላይ ወጣች፣ ዘቀዘቀች፤ አንዳቸውም አንድ እርምጃ ንቅንቅ አላሉም። አንዲት እርግጫ ለማሳየት የሚፈጀው ጊዜ አፍ ከፍቶ ከመዝጋት አይበልጥም፤ እነሱ ግን ቀኑን ፈጁት! ኧረ ስንቱን ልንገራችሁ።

ቀበሮ ሁሉም እስኪደክማቸው ጠበቀች። ከዚያ ጉሮሮዋን ጠረገች።

«እንደተረዳሁት» አለች፣ «ወላጅ ጊዜ የለውም። መምህር ሰኮና የለውም። እንግዲህ ጊዜም ያለው፣ እርግጫም የሚያውቅ ሦስተኛ ወገን መፈለግ ነው። በዚህ አገር ስለ እርግጫ ከማንም በላይ የሚያውቅ ማነው? ረጋጩ ነው ወይስ ተረጋጩ? ረጋጩ ኋላውን ሰጥቶ ስለሆነ የሚመታው ምን እንዳደረገ እንኳ አያይም። ተረጋጩ ግን ፊት ለፊት አይቶታል፣ ቀምሶታልም። እርግጫን አብዝቶ የቀመሰ ማነው?»

«አያ ጅቦ!» አሉ ሁሉም ባንድ ድምፅ፣ መልሱን ማወቃቸው ደስ ብሏቸው።

አያ ጅቦም ከቋጥኙ ጀርባ እያነከሰ መጣ። አፉን ከፍቶ የተሰበረ ክራንቻውን ለጉባኤው አሳየ። «ይቺን የሰበረችው የእመት አህዪት አክስት ናት» አለ በኩራት። «ከዚህ የበለጠ የምስክር ወረቀት ያለው ይምጣና ይወዳደረኝ!»

እመት አህዪት ብድግ አለች። «የልጄን ጭራ የቆረጠው ይኸው አይደለም እንዴ!»

«ፈተና እየሰጠሁት ነበር እኮ» አለ ጅቡ። «ወደቀ።»

እመት አህዪት ኋላዋን ልታዞር ስትል ቀበሮ «ሥርዓት ይከበር! በስብሰባ ላይ እርግጫ ክልክል ነው!» ብላ ጮኸች። «ደግሞ እኔ ራሴ በተቆጣጣሪነት ከትምህርቱ አልለይም። የማይስማማ ካለ ሥራውን ራሱ ይረከብና ከነገ ጀምሮ ያስተምር።»

ከነገ ጀምሮ ሲባል ገመሬ ጎፈሬውን አከከ። እመት አህዪት ነገ የሚጠብቃትን ጭነት አሰበች። ለመጠራጠርም እኮ ጊዜ ያስፈልጋል፤ እሷ ደግሞ ያ ጊዜ አልነበራትም። ቀስ ብላ ተቀመጠች። ሐሳቡ ያለ ተቃውሞ ጸደቀ፤ ያጨበጨቡም ነበሩ።

ሰው ሲተርት «ጅብ ከማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ» ይላል። ይሄኛው የባሰ ነው። በሚያውቁት አገር፣ ጭራ በቆረጠ ማግስት ቁርበት አንጥፉልኝ አለ፤ ተነጠፈለትም። የስብሰባው ማጠቃለያ እስኪነበብ ድረስ የተቀመጠበትን ቁርበት እየገነጠለ በላው። «ርቦት ይሆናል፣ መምህር ምን ደመወዝ አለው» ብላ አዘነችለት ፍየሏ።

ሌሎቹ ወላጆች ግን ሞኝ አይደሉም። «መጀመሪያ በአህያዋ ልጅ ይሞከር» ብለው ልጆቻቸውን ያዝ አደረጉ። እንዲህ ያለ ብልጠት መቼም አይታጣም!

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ቦራ ለብቻው ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ወዳለው ሸለቆ ወረደ። ቀበሮ ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች። አያ ጅቦ ምራቁን እየዋጠ ይንጎራደዳል። ቀበሮ ከዚያ በፊት አጥብቃ መክራዋለች፦ «ዛሬ አስተምረህ በሰላም ስደደው። ነገ እሱን አይተው ሁሉም ልጆቻቸውን ይልካሉ። አንድ ውርንጭላ በልተህ መንጋ አታጣ።» ጅቡም እሺ ብሎ ነበር። ግን የጅብ እሺ ከሆዱ በላይ አይወጣም።

«የመጀመሪያ ትምህርት» አለ ጅቡ። «ጅብ ከመጣ አትሩጥ። ከሮጥክ ሥጋህ ይጠነክራል።»

ቀበሮ አሳለች።

«ማለቴ፣ ይደክምሃል። ስለዚህ በጎንህ ትተኛለህ፣ ዓይንህን ትጨፍናለህ።»

«ከዚያስ?» አለ ቦራ።

«ከዚያማ አለቀ። በል ተኛ እንለማመድ።»

የቦራ ጆሮ ቀጥ አለ። ፍርሃት ፍርሃት ብሎታል። ወዴት ይሩጥ? ሸለቆው ጠባብ ነው፣ መውጫው ላይ ቀበሮ አለች። ጩኸቱን ማን ይሰማዋል? እናቱ ጭነት ላይ ናት፣ መምህሩ ከዋክብት ላይ። የቀረው የሚያውቀው ነገር መጠየቅ ብቻ ነበር።

«መምህር» አለ ድምፁ እየተቆራረጠ፣ «እርግጫው የታለ?»

«እርግጫ ስታድግ ነው። ተኛ!»

«እሺ እተኛለሁ። ግን አልገባኝም። የእናቴ አክስት ያን የመሰለ ክራንቻ እንዴት አድርጋ ሰበረችው? እንዲህ ያለ ጥርስ እኮ የሚሰበር አይመስልም።»

አያ ጅቦ ቆመ። ይህን ቁስል ስንት ዘመን ተሸክሞታል፤ እንዴት ሆንክ ብሎ የጠየቀው አልነበረም። ሆዱ ባባ።

«አየህ ልጄ፣ አታለለችኝ እኮ! ኋላዋን ስታዞርብኝ የምትሸሽ መሰለኝ።»

«እንዲህ?» አለ ቦራ ዞር ብሎ።

«እንደሱ። ከዚያ አንገቷን ዝቅ አደረገች።»

«እንዲህ?»

«ኧረ የለም፣ በጣም ዝቅ! ክብደትህን በሙሉ ለፊት እግሮችህ ስጣቸው። ፈርከክ በል። አዎ፣ እንደዚያ! አሁን እሷን መሰልክ። እኔ ደግሞ እዚህ ጋ ነበርኩ፣ ልክ ከኋላዋ፣ አፌን እንዲህ ከፍቼ።»

«አያ ጅቦ!» ቀበሮ ከድንጋዩ ላይ ዘላ ተነሣች። «ከኋላው ውጣ! ተጠንቀቅ!»

«ዝም በይ አንቺ፣ እያስተማርኩ ነው!» አለ ጅቡ፣ አፉን እንደከፈተ።

ቋ!

የቀረው ክራንቻ ባንድ በኩል፣ አያ ጅቦ በሌላ በኩል ወደቁ። ሲነሣ መንጋጋውን ይዞ፣ «እንዲህ ነበር ያደረገችኝ፣ ልክ እንዲህ» እያለ እያነባ ወደ ጉድጓዱ ሮጠ። ቀበሮ ከመውጫው ዘወር ስትል ቦራም ሽቅብ ፈረጠጠ፤ እስከ ሾላው ድረስ አልቆመም።

አሁን ነው ጉዱ። ወሬው እንደተሰማ አገሩ ሁሉ ሾላው ሥር ተሰበሰበ። እመት አህዪትም ጭነቷን እንደተሸከመች እየተንገዳገደች መጣች። ልጁ ተረፈ፣ ተመስገን ብሎ ማቀፍ ነበር እኮ የሚገባው። ገመሬ ግን ድንጋይ ላይ ወጥቶ ደረቱን መታ።

«የትምህርት ቤታችን ፍሬ ነው! መጠየቅን ያስተማርነው እኛ ነን!»

«ምን?» አለች እመት አህዪት። «የኔ ደም ነው እንጂ! እርግጫ በዘራችን ያለ ነው። አክስቴን ጠይቁ!»

«ያስተማረ ይመስገን!»

«የወለደች ትመስገን!»

«ያስተማረ!»

«የወለደች!»

ትናንት ሥራውን እንደ ፍም እየተወራወሩት ነበር፤ ዛሬ ምስጋናውን እንደ አጥንት ይናጠቃሉ። የቦራ አባት እንኳ ሣሩን ትቶ «እኔስ?» አለ። ቀበሮ ሆዬ እንዳልሰማች ሆና መጥታ የሰብሳቢ ወንበሯ ላይ ተቀምጣለች። «ይህን ውጤት ያስገኘው ስብሰባችን መሆኑ ግን አይዘንጋ» አለች።

ቦራ መሃል ገብቶ ቆመ።

«መምህር፣ እማዬ» አለ። «እርግጫ ያስተማረኝ አያ ጅቦ ነው።»

ገመሬ ከድንጋዩ ላይ ወረደ።

«አያ ጅቦ ያስተማረኝ ሊበላኝ ፈልጎ ነው። እናንተ ደግሞ ትወዱኛላችሁ። ታዲያ የሚበላኝ ካስተማረኝ፣ የምትወዱኝ ለምን አላስተማራችሁኝም?»

ገመሬ አፉን ከፍቶ ዘጋው። እመት አህዪት ዓይኗን መሬት ላይ ተከለች። ቀበሮ ብቻ «ግሩም ጥያቄ ነው፤ ለሚቀጥለው ስብሰባ እንያዘው» አለች።

«እሷም እዚያ ነበረች» አለ ቦራ። «ተጠንቀቅ ብላ ስትጮህ የኔን ስም አልጠራችም። የጅቡን ስም ነው የጠራችው።»

ዞር ሲሉ የቀበሮ ወንበር ባዶ ነበር። ቁጥቋጦው ብቻ ይወዛወዛል።

እመት አህዪት ወገቧን ነቅነቅ አድርጋ የተሸከመችውን እንጨት መሬት ላይ አራገፈችው። የእንጨቱ ባለቤት ከማዶ ሆኖ ይጮሃል፤ አልሰማችውም። «ና ልጄ» ብላ ቦራን ወደ ሜዳው ወሰደችው። እንባዋ ይወርዳል፣ ልታብሰውም አልሞከረች። «የኋላ እግርህን ባንድ ላይ አንሣ። ቀድመህ ስማ፣ ከዚያ ምታ» ትለዋለች።

ገመሬ ትንሽ ቆየና ከኋላቸው ሄደ። ከወደቀ ዛፍ አንድ ግንድ ሰብሮ፣ በሁለት እጁ ደረቱ ላይ ደግፎ ፊታቸው ቆመ።

«እመት አህዪት» አለ አንገቱን ደፍቶ፣ «ሰኮና የለኝም፣ እጅ ግን አለኝ። ይምቱልኝ፣ ልጁ ይይ።»

እሷም አንዴ ስታቀምሰው ገመሬ ከነግንዱ ተንከባለለ። ልጆቹ በሳቅ ፈነዱ። አቧራውን አራግፎ ተነሣና ግንዱን መልሶ ያዘ። ያን ጊዜ ላሟ ጥጃዋን፣ ፍየሏ ግልገሏን እየጎተቱ፣ እያፈሩም መጡ። ያን ቀን እንጨቱ ሳይደርስ ቀረ፣ ከዋክብቱም ሳይጠሩ መሸ፤ ሰማይ ግን አልተደፋም።

ከዚህ የምንማረው፣ ወላጅና መምህር «ያንተ ሥራ ነው፣ ያንቺ ሥራ ነው» እየተባባሉ ልጁን መሃል ላይ ሲተዉት፣ ቀድሞ ደርሶ «እኔ ላስተምረው» የሚለው ጅቡ መሆኑን ነው።